ሦስት ፓራኦሊዮ የበላ እግር፦ የአንድ ሞተር ሳይክል የፊት አሞርዛተር ጉዳይ ከጎንደር

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ዝናቡ አንድ ሁለቴ ጥሎ አቁሟል። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጥቶ አዘዞ ካለችው ጋራዤ በር ላይ አቆመው። ደምቢያ ውስጥ ከብት የሚያክም ሰው ዲግሪ ይኑረው ዲፕሎማ፣ ስሙ «ዶክተር» ነው። እኔም እንደ ገበሬው ዶክተር እያልኩ ነው የምጠራው፤ እዚህም በዚሁ ይቀጥል።

ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ የጃፓን ሥሪት፣ 125 ሲሲ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን ያለው። መስመሩ ከጎንደር አዘዞ፣ ከአዘዞ ቆላ ድባ፣ ከዚያ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ጣና ዳር ቀበሌዎች ነው። ያ ሜዳ ዋልካ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ጎማና ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) መሀል ገብቶ ቸርኬውን ቀጥ ያደርገዋል። ሞተሩን የሚገድለው ግን ጭቃው እርጥብ ሳለ አይደለም፤ የአሞርዛተሩ (የመንገዱን ዝላይ የሚያበርደው የፊት እግር) ኒኬል ላይ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሆን ነው።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አልይዝ አለኝ፤ ጯሂት ገበያ ውስጥ ሰው ልገጭ ነበር» አለኝ።

ፍሬኑን ጎንበስ ብዬ ሳየው ዲስኩ ያብለጨልጫል። በጣቴ ነካሁት፤ ዘይት ነው። ዲስኩ ያለው በግራ በኩል ነው። ከዲስኩ ወደ ላይ በዓይኔ ስከተል በግራው እግር ላይ ቁልቁል የወረደ ጥቁር መስመር አገኘሁ። ለፍሬን የመጣው ሞተር የአሞርዛተር በሽተኛ ሆነ።

«እሱማ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ በየወሩ ፓራኦሊዮ እየገዛሁ ነው» አለ ዶክተር፤ የዘይት ማገጃውን ጎማ ማለቱ ነው። የቀየሩለት ሌላ ቦታ ነው። በሁለተኛው ጊዜ «እያፈሰሰ ስለሚጎድል ጨመር አድርገን ሞልተንልሃል» ብለውታል። ይቺ «ጨመር አድርገን» የምትለው ቃል በኋላ ዋጋዋ ብዙ ሆነ።

የፊት አሞርዛተሩን ውስጡን ላላየ ሰው በአጭሩ ልንገር። ሁለት እግሮች አሉ። እያንዳንዱ እግር ከላይ የሚመጣ፣ እኛ ኒኬል የምንለው ክሮም የተለበጠ ቱቦ አለው፤ ቱቦው ጎማውን በያዘው በታችኛው ውጨኛ እግር ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ቱቦው ውስጥ ረጅም ሞላ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ቆሟል፤ የተረፈውን ቦታ ዘይትና አየር ይካፈሉታል። ሞላው ሸክሙን ይይዛል፤ ዘይቱ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ የሞላውን ዝላይ ይበላዋል። ዘይት ባይኖር ሞተሩ ጉድጓድ አልፎም መዝለሉን አይተውም ነበር። ፓራኦሊዮው የውጨኛው እግር አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቱቦውን ዙሪያውን እየላሰ ዘይቱን የሚያግድ ጎማ ነው። ሞላ፣ ዳዶ፣ ቦኮላ፣ ብሩጎላ፣ ካቻቢቴ፣ ፓራኦሊዮ... ጣሊያን ጎንደርን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲያስረክብ ወታደሩ ተማርኮ ሄደ፤ የጋራዥ ቋንቋው ግን እዚሁ ቀረ። እኛም ባለቤቶቹ ሆንን።

የፊት ፍሬኑን ጨብጬ መሪውን ቁልቁል ተጫንኩት። ጤነኛ አሞርዛተር ሲጫኑት በልኩ ይወርዳል፤ ሲለቁት አንዴ ተመልሶ ይቆማል። ይሄኛው መጀመሪያ እንደ ግንብ ቆመ። በሙሉ ክብደቴ ስጫነው ግማሽ መንገድ ወረደና እንደ ኳስ ነጥሮ መለሰኝ። «ጠጠር ላይ እጅህን ያደነዝዝሃል?» አልኩት። «ክርኔ ድረስ» አለ።

የመጀመሪያው ጥገናና የኔ ስህተት

ከሞተሩ ሆድ በታች ግንድ አስገብተን ፊቱን አነሳነው። ጎማው ወጣ። ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬኑ ካሊፐር በሽቦ ተንጠለጠለ፤ በራሱ ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ካሊፐር ሳይ አሁንም ያመኛል።

አፈታቱ ላይ ቅደም ተከተል አለው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ቱቦውን ከላይ ያቀፈውን ቡሎን ብቻ አላላና የቱቦውን ክዳን መጀመሪያ ሰበር አደርገዋለሁ፤ የታችኛው ማቀፊያ ገና ጠብቆ ስለያዘው ቱቦው አብሮ አይዞርም። እግሩን አውጥቶ ሞርሳ ላይ ኒኬሉን በብረት እየነከሱ ክዳን መፍታት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው። ክዳኑ ደግሞ ሞላው ከታች እየገፋው ነው የሚኖረው። የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ይተኮሳል። የቀድሞ ልጄ፣ ማለቴ ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ የሠራው ልጅ፣ ግንባሩ ላይ ክብ ምልክት ነበረው። ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ በመዳፍ ቁልቁል እየተጫኑ፣ ቀስ ብሎ ማዞር ነው።

ከእግሩ ሥር ያለውን ብሩጎላ (ራሱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ቡሎን) ግን ሞላው ሳይወጣ ነው የምነካው። ያ ቡሎን የውስጡን ዘንግ ይዞ ነው የቆመው፤ ሞላው ዘንጉን ተጭኖ ካልያዘው ብሩጎላው ሲዞር ዘንጉም አብሮ ይዞራል፤ እስከ ማታ ብታዞር አይፈታም። የግራው እንደዚያ ሆነብኝ፤ ሞላው በውስጡ እያለም ዞረ። መፍትሔው የመጥረጊያ እጀታ ነው። አሁን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የባሕር ዛፍ እንጨቱን ጫፍ በቢላ አራት ማዕዘን አድርጎ ጠረበው፤ ሞላውን አውጥተን በቱቦው አስገብተን የዘንጉ ራስ ውስጥ በመዶሻ ሁለቴ መታነው፤ እሱ እንጨቱን ይዞ እኔ ከሥር ፈታሁት።

ዘይቱን በሕፃን ጡጦ ነው የምለካው። ሚሊ ሊትሩ ተጽፎበታል፣ ክዳን አለው፣ ርካሽ ነው። ከግራው እግር፣ የፈሰሰው ፈሶ እንኳ፣ 240 ሚሊ ሊትር ወጣ። ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም፣ ሽታው የሞተር ዘይት። ከቀኙ 165 ሚሊ ሊትር ወጣ፤ ግራጫ፣ ቀጭን፣ የብረት ብናኝ የሚያብለጨልጭበት። ሽታው የበሰበሰ ዓሣ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ዓመታት የተቀመጠ የአሞርዛተር ዘይት የሚሸተው እንደዚያ ነው። «ጎርጎራ ደረስን እንዴ» አለ ልጁ፣ የጣና ዳሯን ከተማ ማለቱ ነው። ቀኙን እግር ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ «ፓራኦሊዮ ሲቀየር» የተከፈተው የሚያፈሰው ግራው ብቻ ነበር፤ የተሞላበትም 20ደብሊው-50 የሞተር ዘይት ነው።

ስለ ዘይቱ ውፍረት ጥቂት ልበል። በ40 ዲግሪ ሙቀት 20ደብሊው-50 የሞተር ዘይት ከ150 ሴንቲስቶክ በላይ ነው። 10 ቁጥር የሚባለው የአሞርዛተር ዘይት 30ን ትንሽ ነው የሚያልፈው። ወደ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ለ10 ቁጥር የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ 20ደብሊው-50 ማሳለፍ ጠላ ማጥለያ ላይ ማር እንደ ማፍሰስ ነው። የአሞርዛተር ዘይት በስሙ የታሸገ እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም። እኔ የምጠቀመው የአውቶማቲክ ካምቢዮና የስቴሪንግ ቀይ ዘይት ነው፤ ውፍረቱ ከ10 ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ይሄ የድሃ ብልሃት እንዳይመስላችሁ፦ ሆንዳ ራሱ ለብዙ አሮጌ ሞተሮቹ ፊት ይህንኑ ዘይት በመጽሐፉ ላይ ያዝዝ ነበር። ቀይ መሆኑም ጥቅም አለው፤ ሲያፈስ ወዲያው ይታያል።

ግራውን ሙሉ በሙሉ ፈታሁ፣ በናፍጣ አጠብኩ፣ አዲስ ፓራኦሊዮ አስገባሁ። ቀኙ አያፈስም ብዬ ከሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ከፍቼ አሮጌውን አወጣሁና በላዩ አዲስ ሞላሁ። «ይቺ 125 ሁለት መቶ ይበቃታል» አልኩ በልምዴ፤ በሁለቱም 200፣ 200 ሚሊ ሊትር። ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ በአዲስ ቀየርኩ። በቤንዚን አጥቦ የሚመልስ አለ፤ ሲሞቅ ከውስጡ መልሶ ይተፋዋል፣ አላደርገውም። ዲስኩን ግን በንጹሕ ቤንዚን ጠረግነው። አንድ ደንበኛ «አረቄ ይሻለዋል» ብሎ ነበር፤ አረቄው ለሌላ ጉዳይ ይቆይ አልነው።

የበሽታውን ሥር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ወፍራም ዘይት፣ ከመጠን በላይ የሞላ፣ አንዱ እግር ብቻ። ዶክተርን በሙሉ ልብ ሸኘሁት።

ዘጠነኛው ቀን

በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሞተሩን አቁሞ በጣቱ የግራውን እግር አሳየኝ። ቀይ መስመር። «ጋሼ፣ ሦስተኛው ነው» አለ።

ማመካኛ የለውም፤ ያላየሁት ነገር አለ። ቱቦውን ታጥቦ ነጥቶ አይቼዋለሁ፣ ጠማማ አለመሆኑንም የባንኮኒ መስተዋት ላይ አንከባልዬ አረጋግጬ ነበር። አብዛኞቹ የአምራቾች መጽሐፎች ለቱቦ መጣመም የሚፈቅዱት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ መስተዋት ላይ ሲንከባለል ከሥሩ ብርሃን ብልጭ የሚል ከሆነ ጠምሟል። የኔው ብልጭ አላለም። ታዲያ ምንድነው?

ከጋራዤ ጎን ቡና የሚያፈሉ እትዬ አሉ፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ጥጥ ይፈትላሉ። «እትዬ፣ ከባዘቶው ትንሽ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ለቁስል ነው?» አሉ። ለቁስል ነው።

ባዘቶውን እንደ ደመና ሳሳ አድርጌ በኒኬሉ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራተትኩት። ለስላሳ ቱቦ ላይ ጥጥ ምንም ሳይቀር ይሄዳል። ከአቧራ መከላከያው ጎማ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በስተኋላ በኩል፣ ሁለት ሦስት ክሮች ተይዘው ቀሩ። ዝቅ አልኩ፤ እንደገና ተያዙ። ትንሽ ዝቅ ስል ለሦስተኛ ጊዜ። በጥፍሬ ስሄድበት ጥፍሬ ተሰናከለ። በስተኋላ ስለሆነ ከፊት ቆሞ ለሚያይ አይታይም፤ ታጥቦ ሲወለወል ደግሞ ኒኬሉ ራሱ ስለሚያብለጨልጭ ይሸፍነዋል።

ሦስቱ ንክሻዎች ርቀታቸው እኩል ነበር። ድንጋይ እንደዚህ ለክቶ አይመታም። «ዶክተር፣ ይቺን ሞተር በሰንሰለት አስረህ ታውቃለህ?» አልኩት። ዝም ብሎ አሰበ። ባለፈው ዓመት ክረምት መንገዱ ሲዘጋበት ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጭኖት መጥቷል፤ ረዳቱ መሪው እንዳይወድቅ በሰንሰለት የፊቱን እግር ከስፖንዳው (ከመኪናው የጭነት ግድግዳ) ጋር ጠፍሮ ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር የሰንሰለቱ ዓይኖች ኒኬሉን ነክሰውታል። የተነከሰው ብረት ዳር ዳሩ ከፍ ይላል፤ ያ ከፍ ያለ ጠርዝ ፍሬን በተያዘና ጉድጓድ በተገባ ቁጥር በፓራኦሊዮው ከንፈር ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። አዲስ ፓራኦሊዮ ለዚህ ቱቦ አዲስ ሥጋ ነው።

ወሬውን የሰማ የጎረቤት መካኒክ መጥቶ «ቱቦውን አዙረህ ንክሻውን ወደ ጎን አድርገው፣ ያልፋል» አለ። ይሄ ምክር ብዙ ቦታ ይሰማል። ፓራኦሊዮው ግን ቱቦውን ዙሪያውን ነው የሚይዘው፤ ንክሻው ወደ ፊትም ይዙር ወደ ኋላ በዚያው ከንፈር ውስጥ ነው የሚያልፈው። ማዞር ዓይንን ነው የሚያሳርፈው።

ትክክለኛው ነገር አዲስ ቱቦ ነው። ሞተሩ ግን የመሥሪያ ቤት ነው፤ የመሥሪያ ቤት ግዢ ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል። ክረምቱ ፕሮፎርማ አይጠብቅም። ስለዚህ ከሁለተኛው አማራጭ ጋር ተስማማን፤ ያለውን ቱቦ መጠገን፣ ይህም ጊዜያዊ መሆኑን ለዶክተር በግልጽ ነግሬው።

ከፍ ያሉትን ጠርዞች በደቃቅ መሳያ ድንጋይ፣ ዘይት ነክቼ፣ በጣም ቀስ ብዬ አስተኛሁ። እዚህ ላይ የሚያምረው ስስት ነው። ኒኬሉ ስስ ነው፤ ሜዳውን ጭምር ከሳሉት ቱቦው ያልቃል። ጉድጓዶቹ ውስጥ የጀመረውን ዝገት በመርፌ ጫፍ ጫርኩ፣ በቤንዚን ደጋግሜ አጸዳሁ፣ ሁለት ዓይነት ተደባልቆ የሚደርቀውን ኢፖክሲ በክብሪት እንጨት ሞላሁባቸው። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተተወ። በማግስቱ በ1000፣ ቀጥሎ በ1500 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ወደ ጎን እያዞርኩ እንጂ ወደ ላይና ታች ሳልፈገፍግ፣ ከኒኬሉ ጋር አስተካከልኩት። በቁመት የተፋቀ ጭረት ለዘይት መሄጃ ቦይ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ባዘቶ። ክር አልቀረም። እትዬ ራሳቸው መጥተው ሞከሩት።

ባዶው ቦታ

እግረ መንገዴን ቀኙንም ከፈትኩት፤ ሌላው ስህተቴ እዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በዚህ መካከል ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ የሞተሩን መጽሐፍ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ነበር። መጠኑ እንደ ገመትኩት 200 ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ቁጥር አለ፦ ሞላው ወጥቶ፣ እግሩ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ፣ የዘይቱ ፊት ከቱቦው አፍ 160 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ቀኙን በዚህ መንገድ ለካሁት፤ 125። 35 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። የቱቦው የውስጥ ስፋት በካሊብሮ 27 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲሰላ 20 ሚሊ ሊትር ትርፍ ነው። ከየት መጣ? በማፍሰሻዋ ቡሎን ብቻ ስለወጣ ከዘንጉ ሥርና ከግድግዳው ላይ የቀረው አሮጌ ዘይት ነው። በላዩ 200 ጨመርኩበት።

«ሃያ ሚሊ ምን አላት?» የሚል ይኖራል፤ እኔም እል ነበር። የዘይቱን ልክ በጨመርነው መጠን ሳይሆን በተወነው ባዶ ቦታ ማየት ከጀመርን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከላይ የቀረው አየር ሁለተኛ ሞላ ነው። እግሩ ሲጨመቅ አየሩም ይጨመቃል።

የዚህን ሞተር እንውሰድ። ዘይቱ በልኩ ሲሆን፣ እግሩ ጥርቅም ብሎ በተጨመቀበት ሰዓት የሚቀረው አየር የሞላው ብረት የያዘው ሲቀነስ ወደ 80 ሚሊ ሊትር ነው። ቱቦው ውጪው 31 ሚሊ ሜትር፣ ጉዞው 180 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እግሩ ሙሉ ሲዘረጋ 136 ሚሊ ሊትር ይጨመርለታል። እንግዲህ 216 የነበረው አየር ወደ 80 ይጨመቃል፤ ወደ 2.7 እጥፍ። መጀመሪያ የመጣው የግራው እግር ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ትርፍ ነበረበት። ያ 40 ዘይቱን በቱቦው ውስጥ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ ለአየሩ የሚቀረው 40 ብቻ ነው። 176 ወደ 40፤ ወደ 4.4 እጥፍ። ይህን ግፊት ከውጪ የሚያግድ ሌላ ነገር የለም፣ ያቺው የጎማ ከንፈር ናት። የተነከሰ ቱቦ ከታች ይቆርጣታል፣ የታመቀ አየር ከኋላ ይገፋታል። «እያፈሰሰ ስለሚጎድል ጨመር አድርገን» ያሉት ሰዎች ያፈሰሰውን ነገር ይበልጥ እንዲያፈስ አደረጉት። ዶክተርን ክርኑ ድረስ ያደነዘዘውም ይኸው ነው፤ ከብረቱ ሞላ ላይ የአየር ሞላ ተደርቦበት።

መለኪያውን የሰጠኝ ዶክተር ራሱ ነው። ከመድኃኒት ቦርሳው ለከብት የሚሆን ትልቅ ስሪንጅ፣ ባለ 60 ሚሊ ሊትር፣ መርፌ የሌለው አወጣ። ጫፉ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጠን ሰካን፤ ቱቦውን ከቀጭን ሽቦ ጋር አስረን ከጫፉ 160 ሚሊ ሜትር ላይ እንጨት በአግድም አሰርንበት። አሠራሩ ቀላል ነው። ዘይቱን ሆን ብሎ ትንሽ አብዝቶ መሙላት፤ ቱቦውን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች መሳብ፤ አረፋው እስኪወጣ አሥር ደቂቃ መተው። ከዚያ እግሩን ጨምቆ አግድሙን እንጨት የቱቦው አፍ ላይ አሳርፎ በስሪንጁ መሳብ። ዘይቱ 160 ላይ ሲደርስ ስሪንጁ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ድምፁ ይለወጣል። ግራ ቀኝ እኩል ሆኑ፤ ዓይን አልገመተም፣ ጡጦም አላስፈለገ። ያን ስሪንጅ አልመለስኩለትም፤ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

መግጠሙ

በዚህ ጊዜ ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ ተፈቱ፣ ሁለቱም አዲስ ፓራኦሊዮ ገባባቸው። ሲገዛ ፊቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ማንበብ ነው፤ የመጀመሪያው የውስጥ ስፋቱ፣ ሁለተኛው የውጭው፣ ሦስተኛው ውፍረቱ። ሁለቱ ገጥመው ሦስተኛው ቢለያይ ከላይ የሚይዘው የሽቦ ቀለበት ቦታው ላይ አይገባም፣ ወይም ፓራኦሊዮው ይላወሳል። ትንሿ የክብ ሞላ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ታች ነው የሚዞረው።

ቱቦው ጫፍ ላይ ፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን ዘይት ቀብቼ ነው ፓራኦሊዮውን የማንሸራትተው፤ አለበለዚያ የቱቦው ጠርዝ ገና ሳይገጠም ከንፈሩን ይልጠዋል። ወደ ቦታው ለመምታት ልኩ የሆነ የውሃ መስመር ፕላስቲክ ቧንቧ ቆርጬ አለኝ፤ አሮጌውን ፓራኦሊዮ በላዩ አድርጌ በሱ በኩል ዙሪያውን እኩል እመታለሁ። በካቻቢቴ አንድ አንድ ጎን እየመቱ ማስገባት ለአምስተኛው ፓራኦሊዮ ቀጠሮ መያዝ ነው። ከሥር ያለው የመዳብ ራንዴላ (የቡሎኑ ቀለበት) አዲስ ስላልተገኘ አሮጌውን በእሳት አቅልቼ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፤ መዳብ እንደዚያ ሲደረግ ይለሰልሳልና እንደገና ይይዛል።

ክዳኑ የሚዘጋው እግሩ ሙሉ ተዘርግቶ ነው። ተጨምቆ ሳለ ከተዘጋ ሲዘረጋ ውስጡ ይሳባል፣ ያ ሁሉ የአየር ስሌት ይበላሻል።

የመጨረሻው ነገር ብዙዎች የሚዘሉት ነው። የጎማው ፔርኖ (በመሀሉ የሚያልፈው ዘንግ) ገብቶ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ እግሩ ላይ ፔርኖውን የሚያንቀው ትንሽ ቡሎን ወዲያው አይጠብቅም። ሞተሩን ከግንዱ አውርዶ፣ የፊት ፍሬን ይዞ አምስት ስድስት ጊዜ መጫን፤ ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ትይዩ ሆነው ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ማጥበቅ። ቀድሞ ከጠበቀ እግሮቹ ተቃቅፈው እንደ ተጣሉ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጎተታሉ። ካሊፐሩ ተነስቶ ስለነበር ደግሞ ከመነዳቱ በፊት የፍሬኑን እጀታ ጠጠር እስኪል መምታት ግድ ነው። ልጁ ይህን ረስቶ አንዴ ሞተር ይዞብኝ ከግድግዳ ጋር ተገናኝቷል።

ቱቦው ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ አስረን ዶክተር ወደ ቆላ ድባ ሄደ። ማሰሪያው እግሩ ምን ያህል እንደተጨመቀ ገፍቶ ያሳያል። ሲመለስ 140 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር፤ ከ180ው ጉዞ ይህን ያህል መጠቀሙ ጥሩ ነው፣ ለክፉ ጉድጓድ ደግሞ መጠባበቂያ ቀርቶለታል። የአኮርዲዮን እጥፋት ያለውን የጎማ ሽፋንም መልሰን ገጠምን። ዶክተር ራሱ ነበር «ጭቃ ይይዛል» ብሎ አውልቆ የጣለው። እውነት ነው፣ ይይዛል፤ በየሳምንቱ ቁልቁል ከፍቶ ማጠብ አለበት። ሰንሰለት ግን አያስነክስም።

ጥቅምት ላይ፣ ደምቢያ ደርቆ ጤፉ ቢጫ ሲጀምር፣ እንዲያሳየኝ ጠራሁት። ሽፋኑን ገለጥኩ። ቀኙ ደረቅ። ግራው ላይ እንደ ላብ ያለች ቀይ ነገር አለች፣ ዲስኩ ግን ንጹሕ ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ስስ ላስቲክ ቆርጬ ጫፉን እንደ መንጠቆ አድርጌ በፓራኦሊዮውና በቱቦው መሀል ዙሪያውን አሽከረከርኩት፤ የደረቀ የዋልካ ቅንጣት ይዞ ወጣ። ጠረግነው፣ ሃያ ጊዜ ተጫንነው፣ ደረቀ። ከሦስቱ የኢፖክሲ ሙሌቶች ግን የታችኛው ጠርዙ ትንሽ ተቦርሿል፤ ባዘቶው አንድ ክር ያዘ።

ዶክተር አሁን ሞተሩን መኪና ላይ ሲጭን የሚያስርበት ሰፊ የሸራ ቀበቶ ገዝቶ መቀመጫው ሥር ጠቅልሎ ይዟል። የአዲሱ ቱቦ ግዢ ሁለተኛው ፕሮፎርማ ላይ ነው።